መሬቱ ሳይጠነፍፍ ዶማ አይነሳ

ጥያቄ፦ «30 ካሬ ሜትር የምትሆን የጓሮ መሬት አለችኝ። አካባቢያችን ብርዱ ለዘብ ያለ ነው፤ ዝናቡ ግን ክረምቱን ሙሉ ዘንቦ እስከ ጸደይ አጋማሽ አይለቅም። አፈሩ ሸክላ የበዛበት ነው። ባለፈው ጸደይ ሁለት ቀን ፀሐይ ስትወጣ ጊዜ ሳላጠፋ ቆፈርኩት፤ መሬቱ ጓል ብቻ ሆኖ ከረመ። ከዘራሁት አተር ግማሹ እንኳ አልበቀለም፤ ጫር አድርጌ ሳየው በስብሷል። የሰላጣ ችግኜን ቀንድ አውጣ በሁለት ሌሊት ጨረሰው። ጎመኑም ቢጫ ሆኖ ቀረ። ዘንድሮ መቼ ልጀምር? ከምንስ ልጀምር? ኖራ ጨምሪበት ያሉኝም አሉ፤ ልጨምር?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጻፉልን ችግሮች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ አብዛኛው ጣጣ የመጣው ከአንድ ነገር ነው፤ በአፈሩ ውስጥ መውጫ ያጣ ውኃ። ስለዚህ የዘንድሮው ዝግጅት ከዘርና ከማዳበሪያ በፊት ከውኃው ይጀምር። የሚቆፍሩበትንም ቀን ብቅ ያለችው ፀሐይ ሳትሆን አፈሩ ራሱ ይንገርዎት።

ጤነኛ ሸክላ አፈር ውስጥ ደቃቅ ቅንጣቶች ተያይዘው ፍርፋሪ ይሠራሉ። ውኃ የሚወርደው፣ አየርና ሥር የሚገባው በፍርፋሪዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። አፈሩ ውኃ ጠግቦ ሳለ በዶማ ሲገለበጥ ወይም በእግር ሲረገጥ ፍርፋሪው ይላቁጣል፤ ክፍተቱም ይደፈናል። ከዚያ ፀሐይ ሲመታው እንደ ጡብ ይጠነክራል። ባለፈው ዓመት ያገኘዎት ይኸው ነው። የሁለት ቀን ፀሐይ የሚያደርቀው ላዩን ብቻ ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲሉ አሁንም ጭቃ ነበር። ይህን ጉዳት ለማድረስ አንድ ቀን ይበቃል፤ አፈሩ እስኪያገግም ግን ከአንድ ወቅት በላይ ሊወስድ ይችላል። ለዚህ ነው በዚህ ነጥብ ላይ አጥብቀን የምንናገረው።

ፈተናው ቀላል ነው። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ አንድ እፍኝ አፈር ያውጡና በእጅዎ ጨብጠው ድቡልቡል ያድርጉት። ከዚያ በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። ከተፈረካከሰ መሬቱ ለሥራ ደርሷል። ጣትዎ ሰርጉዶ ከገባና ድቡልቡሉ ካልተሰበረ፣ ወይም አፈሩ ሲታሽ እያብለጨለጨ መዳፍዎ ላይ ከተለጠፈ ይተዉት፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እንደገና ይሞክሩ። ከጓሮው አንድ ቦታ ብቻ አይፈትኑ። ጥላ ያለበትና ዝቅ ያለው ጥግ ከሌላው ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጓሮውን ሁሉ በአንድ ቀን መጨረስም ግዴታ አይደለም። አሸዋማ አፈር ዝናቡ በቆመ በአንድ ሁለት ቀን ይደርሳል፤ የእርስዎ ዓይነቱ ግን ብዙ ቀናት ዝናብ የሌለበት ጊዜ ይፈልጋል።

ዝናቡ ያን ያህል ቀን ካልሰጠዎትስ? ቀድመው ሊዘሩበት የሚፈልጉትን መደብ ብቻ በፕላስቲክ ሸራ ይሸፍኑ። ከመዝራትዎ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቀድመው፣ ሸራውን በመካከሉ ከፍ አድርገው ጫፉን ወደ መተላለፊያው ያዘንብሉት፤ አለዚያ ውኃው ላዩ ላይ ተጠራቅሞ በአንድ በኩል ተመልሶ ይገባል። ጥቁር ፕላስቲክ አረሙን ያፍናል። ብርሃን የሚያስገባው ደግሞ አፈሩን የተሻለ ያሞቀዋል፤ ነገር ግን አረሙን አብሮ ያበቅላል። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንስተው ሥሩን ይመልከቱ፤ ቀንድ አውጣ የሚሸሸግበት እንዲህ ዓይነት ቦታ ነው።

አፈሩ እስኪደርስ እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡም። ዝናብ እየዘነበም ቢሆን የሚሠራ ብዙ ነገር አለ፤ መሬቱን ሳይረግጡ የሚሠራ ነው። የግድ መግባት ካለብዎት ሰፊ ጣውላ አንጥፈው በእሱ ላይ ይቁሙ፤ ክብደትዎ ይከፋፈላል።

መጀመሪያ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ይወቁ። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ወጥተው ይመልከቱ፦ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ ወደ ጓሮው ይገባል? ከላይ ካለው መሬት የሚመጣ ጎርፍ አለ? ካለ ከአትክልቱ በላይ በኩል ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈሰስ አውጥተው ጎርፉን በጎን ያሳልፉት። ብዙ ጊዜ ይህ አንድ ፈሰስ ብቻውን ከማዳበሪያ ሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ቀጥሎ የአፈሩን የማስረግ አቅም ይለኩ። ዝናብ በሌለበት ቀን 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ይሙሉት፤ ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ይሙሉና በሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ በዘንግ ይለኩ። በሰዓት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሚወርድ ከሆነ በሜዳው ላይ መዝራት ያስቸግራል፤ ከፍ ያለ መደብ ያስፈልግዎታል። እንደ ገለጻዎ ከሆነ የእርስዎ መሬት እንዲህ ያለው ሳይሆን አይቀርም።

ከፍ ያለ መደብ ለመሥራት ጣውላም ሆነ ድንጋይ የግድ አይደለም። መደቡን 1.2 ሜትር ስፋት ይስጡት፤ ከሁለቱም ጎን እጅዎ መካከሉ ይደርሳል፣ ስለዚህ ከእንግዲህ ላዩን የሚረግጥ አይኖርም። ርዝመቱ 3 ሜትር ቢሆን ይበቃል። በመደቦቹ መካከል 45 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ይተዉ። የመተላለፊያውን የላይኛ አፈር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አንስተው በጎኑ ባለው መደብ ላይ ሲያለብሱት መደቡ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ብስባሽ ሲጨምሩበት ከመተላለፊያው ወለል በ25 ሴንቲ ሜትር ግድም ከፍ ብሎ ያገኙታል። ለአንድ መደብ የሚያስፈልገው ብስባሽ 180 ሊትር ነው። በ30 ካሬ ሜትር ውስጥ አምስት እንዲህ ያሉ መደቦች ይወጡልዎታል፤ በድምሩ 900 ሊትር መሆኑ ነው። ያን ያህል ከሌለዎት በሁሉም ላይ በስሱ ከመበተን ሁለቱን መደብ በደንብ አዘጋጅቶ የቀሩትን ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት ይሻላል። መተላለፊያው አሁን ፈሰስ ጭምር ስለሆነ ጫፉ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ክፍት ይሁን፤ ከተዘጋ ኩሬ ነው የሚሆነው።

ሁለት ነገር እንዳያደርጉ እንለምንዎታለን። ውኃ እንዲወርድ ብለው ከመደቡ ሥር ጠጠር አያንጥፉ። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው ከላይ ያለው አፈር ጢም ብሎ ሲጠግብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጠጠሩ ሥሩ ያለበትን አፈር ይበልጥ ያረጥበዋል። ሁለተኛው አሸዋ ነው። ለሸክላ አፈር መድኃኒቱ አሸዋ ነው የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል፤ ጥቂት አሸዋ ግን በሸክላው ተውጦ ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም። ለውጥ የሚያመጣው ከአፈሩ መጠን የሚስተካከል አሸዋ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም አይሞክረውም። ሸክላን የሚያላላው የተብላላ ብስባሽ፣ የዕፅዋት ሥርና የምድር ትል ነው።

ያለፈው ዓመት ጓል አሁንም ካለ በዶማ ጀርባ አይቀጥቅጡት። ፈተናውን ያለፈ ቀን ሲያገኙ ባለ ጣት መቆፈሪያ አስገብተው ወደ ኋላ ጋደም በማድረግ አፈሩን ከፍ አድርገው ብቻ ይልቀቁት፤ አይገልብጡት። በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት እየሄዱ ይህን ይድገሙ። ስንጥቁ ይበቃል። ብስባሹን ላዩ ላይ ያልብሱና የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሬክ ያለስልሱት። ድቅቅ አድርገው አያልሙት፤ ዱቄት የሆነ ሸክላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው ቅርፊት ይሠራል፣ ቡቃያውም ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል። የባቄላ ፍሬ የሚያህል ፍርፋሪ ላዩ ላይ ቢቀር ጥሩ ነው።

ክረምቱን ያለበሱት ገለባ ወይም ቅጠል ካለ ከመዝራት ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድመው ያንሱት። ጉዝጓዝ በክረምት አፈሩን ከዝናብ ግርፋት ያድናል፤ በጸደይ መባቻ ግን ፀሐይን ከልክሎ አፈሩን ቀዝቃዛና እርጥብ ያደርገዋል። መልሰው የሚያለብሱት ችግኙ 10 ሴንቲ ሜትር ካለፈና አፈሩ ከሞቀ በኋላ ነው። የሽፋን ሰብል፣ ማለትም መሬቱን ሸፍኖ እንዲከርም የሚዘራ ተክል፣ ዘርተው ከሆነ ማበብ ሲጀምር ከሥሩ በላይ ይጨዱትና ሦስት አራት ሳምንት ይጠብቁ። ፍሬ እስኪይዝ ከተዉት ራሱ አረም ይሆናል።

ስለ አረም ካነሳን፣ ብርዱ ለዘብ ባለበት አገር አረም ክረምቱንም አይተኛም። አሁን ትንሽ የሚመስሉት አረሞች ከሌላው ሁሉ ቀድመው አብበው ዘር ይጥላሉ፤ በዚህ ወር ያልተነቀለ አረም በሚቀጥለው ወር በመቶ ይበዛል። እርጥብ አፈር ለዚህ ይመቻል፤ ጣውላዎ ላይ ቆመው በእጅ ሲስቡት ሙሉ ሥሩን ይዞ ይወጣል። ዘር ያላፈራውን ወደ ብስባሹ ይጨምሩ። ከመሬት ሥር እየተጓዘ የሚበዛ ሥር ያለውን ግን በብስባሹ ውስጥ አይቅበሩት፤ በፀሐይ ደርቆ ካልሞተ ተመልሶ ይበቅላል።

አተሩ የበሰበሰው ዘሩ መጥፎ ስለነበረ ላይሆን ይችላል። አተር 5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ አፈር ውስጥም ይበቅላል፤ ነገር ግን ሳምንታት ይፈጅበታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውኃ በጠገበና አየር ባጣ አፈር ውስጥ ሲቆይ ሻጋታ ይቀድመዋል። አንድ የአፈር ቴርሞሜትር ይያዙ፤ ለዚህ ሥራ ከብዙ መሣሪያ ይልቅ ይጠቅማል። ጠዋት ጠዋት በ5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይለኩ፤ ሦስት አራት ቀን በተከታታይ 8 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ አተር፣ ባቄላ፣ ሰላጣና ስፒናች ይዝሩ። ለካሮት፣ ለቀይ ሥርና ለድንች 10 ዲግሪ ይጠብቁ። ፎሶሊያ፣ ዱባና ዝኩኒ ከ16 ዲግሪ በታች አይዘሩም፤ የቲማቲም ችግኝም አፈሩ 15 ዲግሪ ሳይሞላና የሌሊቱ አየር ከ10 ዲግሪ በላይ ሳይሆን ወደ ውጭ አይወጣም። በብርድ የተተከለ ቲማቲም ባይሞትም ቆሞ ይቀራል፤ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ የተተከለው ደርሶ ያልፈዋል።

አተሩን ለማፋጠን ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ያቆዩት፤ የሥሩ ጫፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ሲል በ3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይዝሩት። ጫፉ ይሰበራልና በጣት እየያዙ ያስቀምጡ። በውኃ ውስጥ ግን ዘፍዝፈው አያሳድሩት፤ ለረጅም ሰዓት የተዘፈዘፈ ዘር አየር አጥቶ ይጎዳል።

ሰላጣዎን በሁለት ሌሊት የጨረሰው ቀንድ አውጣ ችግኙ ከመተከሉ በፊትም እዚያው ነበር። ቅርፊት ያለውም ሆነ የሌለው ለዘብ ባለ ክረምት አይሞትም፤ እንቁላሉን በአፈር ስንጥቅ፣ በድንጋይና በጣውላ ሥር ይጥላል። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ፣ ውኃ የሚመስሉ ድቡልቡል ነገሮች ተከማችተው ካገኙ እነሱ ናቸው፤ ገላልጠው ለፀሐይና ለወፍ ይስጧቸው። ዋናው ነገር ከመትከል ሁለት ሳምንት ቀድሞ መጀመር ነው። በየመደቡ ዳር አንዳንድ ጣውላ አስተኝተው ጠዋት ጠዋት ገልብጠው የተሰበሰበውን ይልቀሙ። ቁጥሩ ካልቀነሰ ከአይረን ፎስፌት የተሠራውን ፍሬ መሰል ማጥመጃ መድኃኒት ለአንድ ካሬ ሜትር 5 ግራም ያህል፣ በማሸጊያው ላይ ያለውን መመሪያ ተከትለው፣ ሳይከምሩ ይበትኑ። የበላው ቀንድ አውጣ ወደ መሸሸጊያው ገብቶ ስለሚሞት ሬሳ ካላዩ አልሠራም አይበሉ፤ የሚለካው በችግኙ ነው። ሜታልዴሃይድ ያለበትን ግን ውሻ፣ ድመት ወይም ሕፃን ባለበት ግቢ አያስገቡ፤ መርዙ ብርቱ ነው። ጨው መበተንም ቀንድ አውጣውን ቢገድል አፈሩን ያበላሻል። የእንቁላል ቅርፊት ዙሪያውን መደርደር ብዙ ሰው ይወደዋል፤ በእርጥብ አገር ግን ቀንድ አውጣው ተራምዶት ያልፋል።

ችግኙንም ያጠናክሩ። ሁለት ቅጠል ያለው ሰላጣ አንዴ ከተነከሰ አለቀለት፤ አምስት ስድስት ቅጠል ያለው ግን ቢነከስም ያገግማል። ስለዚህ ሰላጣና ጎመኑን ቤት ውስጥ ወይም ከዝናብ በተከለለ ቦታ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያሳድጉ፤ ቲማቲምና ቃሪያ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ የሚያጠቃው በሽታ ችግኙን ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አቅጥኖ የሚጥለው የሥር አንገት አበስብስ ነው፤ መነሻው እርጥበት የበዛበት አፈርና የቆመ አየር ነው። ዕቃውን በሳሙና ያጥቡ፣ አዲስ የችግኝ አፈር ይጠቀሙ፣ ውኃውን ከታች ባለ ሳህን ሰጥተው ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉ፣ ላዩ ሳይደርቅም አይድገሙ። ወደ ውጭ ከማውጣትዎ በፊት ከሰባት እስከ አሥር ቀን ያለማምዱት፤ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ጥላ ውስጥ፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመሩ። ከኃይለኛ ዝናብ ግን በዚህ ጊዜም ይከልሉት።

አሁን ወደ ጎመኑና ወደ ኖራው። ቢጫ ቅጠል ሁሉ የአሲድ ምልክት አይደለም። ቢጫው ከታችኞቹ፣ ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች ጀምሮ ከሆነ ናይትሮጅን አንሶታል። ክረምቱን ሙሉ የዘነበው ዝናብ ናይትሮጅኑን ወደ ታች አጥቦታል፤ አፈሩ ቀዝቃዛ ስለሆነም ከብስባሽ አዲስ ናይትሮጅን የሚያወጡት ረቂቅ ተሕዋስያን ገና አልነቁም። አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ደም ሥራቸው አረንጓዴ ከቀረ ጉድለቱ የብረት ነው፤ ይህ ደግሞ ኖራ ሲበዛ የሚመጣ ነው። ቀን ቀን ጠውልጎ ማታ የሚያገግም ጎመን ካለዎት ነቅለው ሥሩን ይዩ። ያበጠና የተንዠረገገ ሆኖ ካገኙት የሥር እብጠት በሽታ ነው፤ አሲዳማና እርጥብ አፈር ይወዳል፣ በአፈር ውስጥም ለብዙ ዓመታት ይቆያል። እንዲህ ያለውን ወደ ብስባሽ አይጨምሩ፣ በዚያ መደብም ጎመንና የጎመን ዘመዶችን ለብዙ ዓመታት አይትከሉ።

ዝናብ የበዛበት አፈር ካልሲየምና ማግኒዥየሙ እየታጠበ አሲዳማ ይሆናል፤ ስለዚህ ኖራ ጨምሪ ያሉዎት ሰዎች ነገሩ አልጠፋቸውም። ግን ሳይለኩ አይጨምሩ። ከአምስት ስድስት ቦታ ከ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስደው ቀላቅለው ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲዳማነቱን ልክ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ያስለኩ። ከ6 እስከ 7 ከሆነ ኖራ አያስፈልግዎትም። ከ6 በታች ከሆነ የተፈጨ የግብርና ኖራ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ ለአንድ ካሬ ሜትር እስከ 250 ግራም በትነው ከላይኛው አፈር ጋር ይቀላቅሉ። ሸክላ አፈር ለመለወጥ ብዙ ኖራ ይፈልጋል፤ ቢሆንም በአንድ ጊዜ ከዚህ አያሳልፉ፤ በዓመቱ ለክተው ይድገሙ። ለግንባታ የሚውለውን ኖራ አይጠቀሙ፤ ሥርንም ቆዳንም ያቃጥላል። ኖራ ሥራውን የሚሠራው በወራት ውስጥ ስለሆነ ዋናው ጊዜው ከክረምቱ በፊት ነው፤ አሁን የሚጨምሩት ውጤቱን በደንብ የሚያሳየው ቆይቶ ነው። ድንች የሚተከልበትን መደብ ይዝለሉት፤ ኖራ የድንች ቅርፊት እከክን ያባብሳል። ከትኩስ ፍግ ወይም ከዩሪያ ጋርም በአንድ ቀን አይጨምሩ፤ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። በመካከላቸው ጥቂት ሳምንታት ይኑሩ።

ናይትሮጅኑን በአንዴ አይስጡ፤ ዝናቡ ይወስደዋል። ዩሪያ ከሆነ የሚጠቀሙት ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም፣ ግማሹን ሲተክሉ፣ ግማሹን ከአራት ሳምንት በኋላ ከግንዱ ራቅ አድርገው ይስጡና አፈር ያልብሱት። ፍግ ካለዎት የተብላላ ይሁን። ትኩስ ፍግ አፈር የሚነካ ሰብል ከመሰብሰቡ ቢያንስ 120 ቀን ቀድሞ መግባት አለበት፤ ሰላጣና ካሮት ጥሬ ስለሚበሉ በዚህ ላይ ቸል አይበሉ። ስለዚህ ለዚህ ጸደይ ትኩስ ፍግ ጊዜው አልፎበታል፤ ከምረው ሸፍነው ለመጪው ዓመት ያብላሉት።

ባለፈው ዓመት ድንች ዘርተው ከነበረ በመሬት ውስጥ ቀርቶ በራሱ የሚበቅለውን እንዳዩት ከነድንቹ ነቅለው ያስወግዱ። ቅጠል አድራቂው ዋግ ክረምቱን የሚያልፈው በሕይወት ባለ ድንች ውስጥ ነው፤ ለዘብ ያለና ዝናባማ ጸደይ ሲመጣም ከዚያው ተነሥቶ ቲማቲሙን ጭምር ይይዛል። ለዘር የሚሆነውን ድንች ከበሽታ ነፃ መሆኑ ከተረጋገጠ ምንጭ ይያዙ፤ ቲማቲሙንም ከድንቹ አርቀው፣ ከተቻለም ዝናብ ቅጠሉን በማይመታበት ጣሪያ ሥር ይትከሉት።